በእርግዝና ጊዜ ማሳጅ፦ ምን ይጠቅማል፣ እንዴት ይደረጋል፣ መቼ ይቀራል

ሆድ ሲገፋ ወገብ መጮህ ይጀምራል። ትከሻ ይከብዳል፣ እግር ያብጣል፣ ሌሊቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲገላበጡ ይነጋል። የሕመም ማስታገሻም እንደ ልብ አይዋጥም። «እስቲ ወገቤን እሹኝ» ማለት ታዲያ ምን ይገርማል? ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ልጁን ይጎዳው ይሆን?

ባጭሩ ልመልስ። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ፣ አተኛኘቱ ከተስተካከለና እጁ ልከኛ ከሆነ ማሳጅ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። አደጋ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸው ሰው ሙያ ስለሌለው አይደለም። መታሸት የሌለባት ሴት ስትታሽ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከመከፈቱ በፊት ስላለው ነገር ብዙ አወራለሁ። ማሸቱ ራሱ ከባድ አይደለም።

ምን ይጠበቃል፣ ምን አይጠበቅም

ማሳጅ በደንብ የሚያግዘው ለወገብና ለዳሌ ሕመም፣ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ነው። ሆድ ወደ ፊት ሲከብድ የጀርባ ጡንቻ ሚዛን ለመጠበቅ ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ይውላል። በዚያ ላይ ሪላክሲን የሚባለው ሆርሞን የመገጣጠሚያ ጅማቶችን ያላላል። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው ደግሞ ያው ጡንቻ ነው። ሲታሽ ይፈታል፣ ሰውነት ይረጋጋል፣ እንቅልፍ ይመጣል።

ግን ምክንያቱ ሆድ ነውና ሆድ እስካለ ድረስ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ ታሽተሽ ነገ ቢያምሽ «አልሠራልኝም» አትበይ። እንደዚያ ነው የሚሠራው። ቀለል ያለ እንቅስቃሴና ጥሩ አቀማመጥ ሲጨመርበት እፎይታው ይረዝማል።

ማሳጅ ልጅ አያዞርም። የደም ግፊት በሽታን አያክምም። «መርዝ ያስወጣል» የሚለውንም ወሬ እርሺው፤ ያንን ሥራ ኩላሊትና ጉበት ይሠሩታል።

የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት

ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ ነፍሰ ጡር አይቀበሉም። ማሳጅ ፅንስ እንደሚያስወርድ ስለተረጋገጠ ግን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጋጥም ውርጃ በአብዛኛው የሚመጣው ፅንሱ ሲፈጠር ከሚከሰት የክሮሞዞም ችግር ነው። ነገር ግን ውርጃ የሚበዛው በእነዚህ ሳምንታት ስለሆነ፣ ከማሳጅ ማግስት ቢያጋጥም ባለሙያውም እናትየዋም ሲጸጸቱ ይኖራሉ። ከዚያ መራቅ ነው ነገሩ።

እኔን ብትጠይቂኝ ትከሻና ማጅራትን ለስለስ አድርጎ ማሸት ምንም ችግር የለውም። ውስጥሽ እየሰጋ መታሸት ግን ትርፉ ምንድን ነው? 12ኛውን ሳምንት ጠብቂ። በተለይ በዚህ ወቅት ሙቀት ይቅር፦ ስቲም፣ ሳውና፣ የሚፋጅ ገንዳ፣ ከታች የሚሞቅ የማሳጅ አልጋ። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ቅርጽ የሚይዙት በእነዚህ ሳምንታት ነው፣ የእናት ሰውነት ከመጠን በላይ መጋል ደግሞ አይበጃቸውም።

ከመታሸትሽ በፊት ራስሽን ፈትሺ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ማሳጅ አይታሰብም። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚኬደው።

- ከማህፀን ደም ወይም ውሃ መፍሰስ
- 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት
- አልተው ያለ ራስ ምታት፣ ብዥ የሚል እይታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ በድንገት ያበጠ ፊትና እጅ
- የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ
- ከ37ኛው ሳምንት በፊት እየመጣ የሚሄድ የሆድ መወጠር ወይም ቁርጠት
- አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ መጋል፣ መቅላት ወይም መታመም
- የደረት ውጋት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቁም። እነዚህ ምልክቶች ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባል የእርግዝና ግፊት ሊያመለክቱ ይችላሉ። ችግሩ የተለመደ ድካም መስለው መምጣታቸው ነው። ራሷን ያመማት ሴት ግንባሯን አሽተው ያስተኟታል። ግፊቱ ግን ውስጥ ለውስጥ እየወጣ ነው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት በሐኪም መታየት አለበት፣ ምንም ባያምሽም።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ማሳጅን የግድ የማይከለክሉ፣ ግን ክትትል የሚያደርግልሽን ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ አስቀድመሽ እንድትጠይቂ የሚያስገድዱ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብሽ፣ መንታ ካረገዝሽ፣ የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ ዝቅ ያለ ነው ከተባልሽ፣ ከዚህ በፊት ያለጊዜው ወልደሽ ወይም ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ጠይቂ። «ማሳጅ ብታሽ ችግር አለው?» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እግርን ለብቻው

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰው የሚፈራው ሆድን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እግር ነው።

በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው ይልቅ በቀላሉ ይረጋል። ሰውነት ለወሊዱ ደም መፍሰስ አስቀድሞ መዘጋጀቱ ነው። በዚህም የተነሳ የደም መርጋት አደጋ ካላረገዘች ሴት ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። የሚረጋው በአብዛኛው እግር ውስጥ ነው፣ በተለይ በግራው። የረጋ ደም ያለበትን ባት አጥብቆ ማሸት ደግሞ ደሙን ከቦታው ሊነቅለው ይችላል። ከዚያ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ እግር ከመታሸቱ በፊት ይታይ። በደንብ ብርሃን ባለበት ቦታ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። የተለመደው የእርግዝና እብጠት ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ማታ ማታ ይብሳል፣ እግር ከፍ ተደርጎ ሲታደር ይቀንሳል። ቁርጭምጭሚት አካባቢ በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ስትለቂው ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ይቆያል። የረጋ ደም ሲሆን ግን አንዱ እግር ከሌላው ይለያል። ባቱ ይወፍራል፣ ሲነካ ይሞቃል፣ ቆመሽ ስትረግጪ ያምሻል። ዓይንሽን ካላመንሽ ሁለቱንም ባቶች በሜትር ለኪያቸው። ልዩነት ካለ ሐኪም ይየው።

ምልክት የማያሳይ የረጋ ደምም አለ። በዚህ የተነሳ ደህና በሚመስል እግር ላይ እንኳ ባትን በአውራ ጣት ጠልቆ ማሸት ከነጭራሹ ይቅር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። ሌሊት ባትሽን ጨምድዶ የሚቀሰቅስሽ ሕመም ሌላ ነው። እሱን ማሸት ሳይሆን መሳብ ነው የሚፈታው። ጉልበትሽን ዘርግተሽ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ አጥፊ። ሆድሽ ካላስደረሰሽ አጠገብሽ ያለው ሰው ይግፋልሽ። ከተለቀቀ በኋላ በመዳፍ ሞቅ ሞቅ ማድረግ ይበቃል።

አተኛኘት

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባ ተንጋሎ መታሸት የለም። ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ የደም ሥር በአከርካሪው ቀኝ በኩል ነው የሚያልፈው። የከበደ ማህፀን ሲጫነው ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ ወደ ልጁ የሚሄደውም እንዲሁ። ሴትየዋ ያልባታል፣ ያጥወለውላታል፣ ዓይኗ ይጨልማል። እንዲህ ከተሰማሽ ወዲያው ወደ ግራ ጎንሽ ዙሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይለቃል።

በሆድ መተኛትም ሆዱ መታየት ከጀመረ ወዲህ አይመችም። አንዳንድ ቦታ መሐሉ ለሆድ የተቦረቦረ አልጋ አለ። ሲያዩት ብልሃት ይመስላል፣ ግን ሆዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጅማቶቹን ሊጎትት ይችላል። እኔ አልመርጠውም።

የሚሻለው በጎን ነው። ግራው ይመረጣል፣ መሐል ላይ ወደ ቀኝ መዞርም ይቻላል። ትራስ አትሰስቺ፦ አንዱ ከራስ ሥር፣ አንዱ ወፍራም በጉልበቶች መካከል እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ፣ አንዱ ቀጭን ከሆድ ሥር፣ አንዱ ደግሞ ታቅፈሽው። የላይኛው ጉልበት ከዳሌ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ ወገብ ይጠመዘዛል፣ የታሸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መተኛት ካልተመቸሽ ወንበር አለልሽ። መደገፊያው ወደ ፊትሽ እንዲሆን ተገልብጠሽ ተቀመጪ፣ መደገፊያው ላይ ትራስ አድርጊና እጅሽንና ራስሽን አሳርፊበት። ጀርባሽ በሙሉ ለሚያሸው ሰው ክፍት ይሆናል። ለአስር ደቂቃ የወገብ ማሳጅ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም።

ለሚያሸው ሰው

ከዚህ በታች ያለው ለሚያሸው ሰው ስለሆነ ስልኩን ስጪው። ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ «አንተ» እላለሁ፤ እህቷ ወይም ጓደኛዋ ብትሆኚም ነገሩ ያው ነው።

1. ጥፍርህን ቁረጥ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ። እሷም ሽንት ቤት ደርሳ ትምጣ። ገና ከማዕድ እንደተነሳች አትጀምር።

2. ሽታ የሌለው ተራ ዘይት ውሰድ፤ የኮኮናት ወይም የወይራ ይሆናል። መጀመሪያ መዳፍህ ላይ አሙቀው፣ ከዚያ ነው ወደ ቆዳዋ የሚሄደው። ኢሴንሻል ኦይል የሚባሉት የተጠመቁ የዕፅዋት ዘይቶች ግን ተፈጥሯዊ ስለሆኑ ብቻ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ሽታቸው ራሱ ሊያስመልሳት ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ቅባትም እንደ ዘይት አይቀባም። ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለበት ቅባት በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። እንዲህ ዓይነት መድኃኒቶች በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ የልጁን ኩላሊት ሊነኩ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሞከሩም።

3. ሁለት መዳፍህን ከወገቧ ግርጌ አሳርፍ። አከርካሪውን መሐል ለቀህ፣ በግራና በቀኙ ባለው ጡንቻ ላይ ወደ ትከሻ ቀስ ብለህ ግፋ፣ በጎን በኩል ተመለስ። ይህን ደጋግመው። አጥንቱ ላይ አትጫን። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሥራቸው ማሞቅ ነው።

4. ወደ ወገብ ውረድ። በመዳፍህ ግርጌ፣ በዝግታ፣ ትናንሽ ክብ እየሠራህ እሻ። ከዚያ ከመቀመጫዋ በላይ ካለው ጠፍጣፋ አጥንት ጎን ጀምረህ ወደ ዳሌዋ ሂድ። «ወገቤን» ብትልህም ብዙ ጊዜ የሚያማት እዚህ ጋ ነው። ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ቆይ። ጥሩ ቦታ ስታገኝ ሳትጠይቃት ታውቀዋለህ፤ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች።

5. ትከሻና ማጅራት ቀላል ናቸው። በጣቶችህ ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ከትከሻ ጫፍ ወደ አንገት ና። የአንገቷን ፊት አትንካ።

6. እግር ላይ ሕጉ ይለወጣል። አውራ ጣት የለም፣ መዳፍ ብቻ። ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ታፋ፣ ሁልጊዜ ወደ ልብ አቅጣጫ፣ ዘይት እንደ መቀባት ባለ ጫና። የታፋን የውስጥ ጎን ተወው፤ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉበት። አብጠው የወጡ የደም ሥሮችን ዝለላቸው። እግሯ ከትራስ ላይ ከፍ ብሎ ቢሆን ይመረጣል።

7. የውስጥ እግሯን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ካለዚያ ይኮረኩራታል። ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩልና በእጅ አውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያሉትን ነጥቦች መጫን ምጥ ያመጣል ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ጥናቶች ይህን በግልጽ አላሳዩም። ያም ሆኖ ብዙ ባለሙያዎች እስከ ወሊድ ቀን ድረስ እነዚህን ቦታዎች አጥብቀው አይጫኑም፤ አንተም ብትዘላቸው አይጎድልብህም።

ጫናው ስንት ይሁን? ከ10 ብትሰጠው 4 ወይም 5 ይበቃል። በጣም የቀለለ እጅ ደግሞ እያሳከከ ያበሳጫታል እንጂ አያዝናናም። «ደህና ነው?» ብለህ ጠይቃት፣ ግን መልሷን ብቻ አትመን። ይሉኝታ ይዟት «ደህና ነው» ልትል ትችላለች። እጇን ከጨበጠች፣ ትንፋሿን ከያዘች፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከወጣ አጥብቀሃልና ቀንስ። ወገብ ቋ እንዲል ማጠማዘዝ፣ እግር መጎተት ፈጽሞ አይሞከርም። የላላ መገጣጠሚያ ከልኩ አልፎ ይሄዳል።

ለቤት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ስትጨርስ ቶሎ አታስነሳት። በጎኗ እንዳለች እግሯን ከአልጋው ታውርድ፣ በእጇ ተደግፋ ትቀመጥ፣ ትንሽ ቆይታ ትቁም። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ቶሎ ስለሚወርድ ሲነሱ መንገዳገድ የተለመደ ነው።

ሆድስ?

የሆድ ቆዳ ሲለጠጥ ያሳክካል። ራስሽ በዘይት፣ በክፍት መዳፍ፣ ልጁን እንደምትዳብሺው አድርገሽ ብትቀቢው ደስ ይላል፤ ልጁም አንዳንዴ በእርግጫ ይመልስልሻል። ከዚያ ያለፈ ነገር አያስፈልግም።

ሆድን በኃይል መጫን፣ መጭመቅ፣ «ልጁ ተዛብቷል ላስተካክለው» ብሎ መግፋት ግን ቀልድ አይደለም። የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ማህፀን ራሱ ሊቀደድ ይችላል። ሁለቱም እናትንም ልጅንም ሊገድሉ ይችላሉ። ልጁ በመቀመጫው ከመጣ ሐኪም ከ36ኛው ወይም ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ከውጭ ሊያዞረው ይሞክር ይሆናል፤ ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ የልጁን የልብ ምት እየተከታተለ፣ አስፈላጊ ከሆነ ወዲያው ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚቻልበት ቦታ ነው። የሚያሽሽ ሰው ማንም ይሁን ማን እጁ ሆድሽ ላይ መክበድ ከጀመረ አስቁሚው። «ለአንቺው ብዬ ነው» ቢልም።

ወደ ባለሙያ ስትሄጂ

ገና ቀጠሮ ስትይዪ ስንት ሳምንትሽ እንደሆነ ተናገሪ፣ በነፍሰ ጡር ማሳጅ ሠልጥነዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ጥሩ ባለሙያ ከአንቺ በላይ ይጠይቅሻል፦ ግፊትሽን፣ እግርሽን፣ የቀድሞ ወሊድሽን። ምንም ሳይጠይቅ «ተኚ» የሚል ከሆነ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

ወሊድ ሲቃረብ

ከ35ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚደረግ፣ ብዙም የማይወራለት ማሳጅ አለ። በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥጋ ማለማመድ ነው። በተለይ በመጀመሪያ ወሊድ ስፌት የሚያስፈልገውን የመቀደድ ዕድል እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ያውም በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ተደርጎ።

እጅሽን ታጠቢ። ጀርባሽን ተደግፈሽ ከፊል ቁጭ በይ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ ክፈቺ። አውራ ጣትሽን ንጹህ ዘይት ቀብተሽ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ አስገቢ። ወደ ታች፣ ወደ ፊንጢጣ አቅጣጫ ጫን አድርጊና ያዢ፤ መለጠጡ እስኪሰማሽ እንጂ እስኪያምሽ አይደለም። ከዚያ ከጎን ወደ ጎን በግማሽ ክብ አንሸራትቺ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፣ እየዋለ ሲያድር ይለምዳል። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ካለ፣ የብልት ኢንፌክሽን ወይም ቁስል ካለብሽ ግን አይደረግም።

ምጥ ሲመጣ ደግሞ ያ ከመቀመጫ በላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት እንደገና ያስፈልጋል። ምጡ ሲነሳ አብሮሽ ያለው ሰው በመዳፉ ግርጌ ጠበቅ አድርጎ ይጫነው፣ ምጡ ሲያልፍ ይልቀቅ። ወገብ ላይ የሚመጣን ምጥ በጣም ያቀለዋል። እዚህ ጋ የጫናው ሕግ ይነሳል፤ ብዙ ሴቶች «ጨምር፣ ጨምር» ነው የሚሉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያችው ሴት «አትንካኝ» ልትል ትችላለች። ያኔ እጅን ማንሳት ነው፣ ማኩረፍ አያስፈልግም።

ከወለድሽም በኋላ የእግሩ ጥንቃቄ አያበቃም። የደም መርጋት አደጋ በጣም ከፍ የሚለው እንዲያውም ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ውስጥ ነው፣ በኦፕራሲዮን ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ትከሻና ጀርባ ልጅ ሲታቀፉ ውለው ይዝላሉና ይታሹ። ባት ግን ያው በመዳፍ ብቻ፣ ያውም ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ታይተው።